የቦምብ ክብደትና የገበያ ቀን

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም ሰባት የአሜሪካ ቢ-2 አውሮፕላኖች ኢራን ውስጥ በፎርዶና በናታንዝ የኒውክሌር ተቋማት ላይ 14 ቦምቦች ጣሉ። አንዱ ቦምብ 136 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በጦርነት ላይ ከዋሉት ቦምቦች ሁሉ ከባዱ እሱ ነውና ዜናው ሁሉ ስለ ክብደቱ ሆነ። ከዚያ 37 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሰኔ 15፣ በ1980 ዓ.ም፣ የደርግ አየር ኃይል ትግራይ ውስጥ ሐውዜንን ደብድቦ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ገበያ ቆሟል። ሚግ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች እየተመላለሱ ለሰዓታት የጣሉት ሁሉ ተዋጊ አውሮፕላን በክንፉ ሥር አንጠልጥሎ የሚሄደው ዓይነት እንጂ በክብደት ከፎርዶው ቦምብ አጠገብ የሚደርስ አልነበረም። የሞተው ሰው ግን ከ1,800 እስከ 2,500 ይገመታል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው የቀኑ መገጣጠም ስለ ገረመኝ ብቻ አይደለም። ስለ ትልልቅ ቦምቦች ስናወራ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ቶን?» መሆኑ ብዙ ነገር እንደሚጋርድብን ስለሚያሳዩ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚሟገተው ክብደት የሰውን ጉዳት የሚለካ ሚዛን እንዳልሆነ፣ በተለይም እንደኛ ባለ አገር ቦምብ ምን ያህል እንደሚገድል የሚወስነው ከሥሩ ምን ዓይነት ቤትና ምን ያህል ሰው እንዳለ መሆኑን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊዚክስ ነው። ፈንጂ ሲፈነዳ በቅጽበት ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ በዙሪያው ያለውን አየር ጨምቆ ይገፋል፤ ይህ የተጨመቀ አየር በሁሉም አቅጣጫ ይስፋፋል። የሚስፋፋው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ጭምር ስለሆነ ኃይሉ ከርቀት ጋር በፍጥነት ይሳሳል። እንስራን አስቡ፦ ቁመቷም ስፋቷም እጥፍ የሆነች እንስራ የምትይዘው ውኃ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። የፍንዳታ ግፊትም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ የጉዳቱን ርቀት እጥፍ ለማድረግ ፈንጂውን ስምንት እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋል። አሁን ይህን ወደ እውነተኛ ቦምቦች እንውሰደው። ማርክ-82 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጠቅላላ ክብደቱ 227 ኪሎ ገደማ ሲሆን በውስጡ ያለው ፈንጂ 87 ኪሎ ያህል ነው። «የቦምቦች ሁሉ እናት» የሚል ቅጽል የወጣለት ጂቢዩ-43 ደግሞ ከ98 ኩንታሉ 85ቱ ፈንጂ ነው። የፈንጂው ብዛት ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል፤ ግፊቱ ጉዳት የሚያደርስበት ርቀት የሚያድገው ግን ወደ አራት እጥፍ ተኩል ብቻ ነው፤ በመሬት ስፋት ሲሰላ 21 እጥፍ ቢሆን ነው። ያው ፈንጂ በመቶ ትንንሽ ቦምቦች ተከፍሎ ቢበተን የሚያዳርሰው መሬት ከትልቁ ከአራት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ማንኛውም የአየር ኃይል መሐንዲስ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ሰፊ ቦታ ላይ ያለ ሰው መምታት የፈለገ ሠራዊት ወደ ትልቅ ቦምብ ሳይሆን ወደ ብዙ ትንንሽ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ትልቁ ለምን ይሠራል? «ትልቅ» የምንላቸው ቦምቦች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ መልሱ ሁለት ነው። የፎርዶው ቦምብ ከ136 ኩንታሉ ፈንጂው 24 ኩንታል ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ወፍራም ብረት ነው። ከከፍታ ወርዶ አለትና ኮንክሪት እየሰበረ እንዲገባ፣ ከገባም በኋላ እንዲፈነዳ ታስቦ ስለ ተሠራ ክብደቱ የችንካር ክብደት ነው። ጂቢዩ-43 በተቃራኒው ስስ ቆርቆሮ ውስጥ የታጨቀ ፈንጂ ነው፤ ከመሬት በላይ ፈንድቶ ሰፊ ግፊት እንዲለቅ እንጂ እንዲቆፍር አልተሠራም። ሁለቱን በቶን ብቻ ማወዳደር ዶማንና መዶሻን በኪሎ እንደማወዳደር ነው። እግረ መንገዴን አንድ ሌላ መደናገር ላንሣ፦ ጂቢዩ-43 የሚለቀው ኃይል የ11 ቶን ቲኤንቲ ያህል ሲሆን ሂሮሺማ ላይ የተጣለው የአቶም ቦምብ ወደ 15,000 ቶን ይጠጋ ነበር። ትልቁን መደበኛ ቦምብ «ትንሹ አቶም» ብሎ መጥራት በጋዜጣ የተለመደ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ከፈንጂው ወደ ሰው ስንመጣ ደግሞ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ። የሰው አካል የአየር ግፊትን ከቤት ይበልጥ ይችላል። ተራ ቤትን የሚያፈርሰው ግፊት የጤነኛን ሰው ሳንባ ከሚጎዳው በብዙ ያነሰ ነው። ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በግፊቱ በራሱ ሳይሆን በሚወረወረው ፍንጣሪ፣ በሚናደው ግድግዳና በእሳቱ ነው። በዚህ ዓይን ወላይታን እንመልከት። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው የድሮው የወላይታ ቤት ረጅም፣ ክዳኑ እስከ ታች የሚወርድ፣ ሰውና ከብት አብረው የሚያድሩበት የሣር ቤት ነው። ዛሬ በሶዶ ከተማ የሚበዛው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። ሁለቱም ለዝናብና ለብርድ የሚበቁ ናቸው፤ ለፍንጣሪ ግን ከመጋረጃ አይሻሉም። ዙሪያውን የተተከለው እንሰት ከጎን የሚመጣውን ጥቂት ሊያዘገይ ይችል ይሆናል፤ ከላይ ለሚወርድ እሳት የሣር ክዳኑ ራሱ ማገዶ ነው። እንዲህ ያለ መንደር ለማጥፋት 98 ኩንታል አያስፈልግም። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ተቀጣጣይ ቦምብ ትበቃለች።

ይህን በግምት አልተናገርኩም፤ በ1928ቱ ጦርነት የታየ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምቦች ጣሉ። የሣርና የእንጨት ቤቶች ተያያዙ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፀረ አውሮፕላን መድፍ ሲተኩሱ የሚያሳየው ታዋቂ ፎቶግራፍ የዚያን ጊዜ ነው። ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በደቡቡ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ተደበደበ፤ በድንኳን ውስጥ የተኙ በርካታ ሕሙማን ሞቱ። ኢጣሊያ የዚያኑ ወር በተከዜ መጣል የጀመረችው የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ደግሞ 280 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን ከክብደቱ የሚበዛው ፈሳሽ መርዝ ነበር፤ ፈንጂው ቆርቆሮውን ቀድዶ መርዙን ለመርጨት ያህል ብቻ ተጨመረበት። እሱ በሕግ የተከለከለ የኬሚካል መሣሪያ ስለሆነ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ክብደት ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚናገር ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ያን ጦርነት በአካል ተገኝቶ የዘገበው የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ከኢትዮጵያ ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ወደ ስፔን ሄደ። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም የጀርመኑ ኮንዶር ሌጂዮን ከኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጋር ሆኖ የጌርኒካን ከተማ ሲደበድብ ዜናውን ለንደን ለሚታተመው ታይምስ የላከው እሱ ነው። ሰኞ ነበር፤ የጌርኒካ የገበያ ቀን። እዚያ ከተጣሉት ሁሉ ትልቁ 250 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከተማዋን የበላት እሳት ግን የመጣው አንድ ኪሎ ብቻ ከሚመዝኑ ተቀጣጣይ ቦምቦች ነው። ትልልቆቹ ጣሪያና ግድግዳ ከፈቱ፤ ትንንሾቹ በተከፈተው ገቡ። አውሮፓ በጌርኒካ ስትደነግጥ ደሴ ከዓመት ተኩል በፊት ያንኑ አይታ ነበር፤ ስቲር ግን ሁለቱንም ያውቃል። 

ወላይታ ራሷ በዚያ ጦርነት መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ታሳያለች። በ1933 ዓ.ም የኢጣሊያ ጦር ከአዲስ አበባ ከተባረረ በኋላ በደቡብ ሐይቆች አካባቢ ክፍለ ጦሮች ቀርተውት ነበር፤ ሶዶ ከዋና ይዞታዎቹ አንዷ ሆነች። ከሻሸመኔ አቅጣጫ የመጣው የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ብላቴ ወንዝን መሻገር ነበረበት። ግንቦት 11 ቀን በቁሊቶ በተደረገው ውጊያ የኢጣሊያ ታንኮች መልሰው ሲያጠቁ ሳጅን ናይጄል ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ውስጥ ያሉትን መታ፤ ሌላውን ሊደግም ሲል እዚያው ተገደለ፤ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳልያም ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ተያዘች፤ ሁለት የኢጣሊያ ጄኔራሎች ከነሠራዊታቸው ተማረኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ቀዩ ጭቃ መኪናውን ይይዛል። በዚያ ጭቃ የከተማዋን ዕጣ የወሰነው ወንዝ የተሻገረ እግረኛና የተቆረጠ የስንቅ መንገድ ነበር። ለስላሳና እርጥብ መሬት ለቦምብ ራሱ መጥፎ ነው፤ ማፈንጃው ትንሽ የዘገየ ቦምብ ጭቃው ውስጥ ይሰምጥና ግፊቱንም ፍንጣሪውንም አፈሩ ይውጠዋል። አንድ ዓይነት ቦምብ ማፈንጃው ሲለወጥ ሌላ መሣሪያ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የክብደት ቁጥር ጨርሶ አይነግረንም።

እስካሁን ያልኩትን የሚቃወሙ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ ክብደት ብቻ የሚፈታው ነገር መኖሩ ነው። ጀርመን ውስጥ የቢለፌልድ የባቡር ድልድይ በትንንሽ ቦምቦች ተደጋግሞ ተደብድቦ አልወድቅ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1945 የእንግሊዙ መሐንዲስ ባርንስ ዋሊስ የነደፈው ግራንድ ስላም፣ 100 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው፣ ከታናሾቹ ቶልቦዮች ጋር ሲወድቅ ድልድዩ ተናደ። ዋሊስ የፈለገው ድልድዩን በቀጥታ መምታት ሳይሆን ከአጠገቡ መሬት ውስጥ ዘልቆ ፈንድቶ መሠረቱን ማናጋት ነበር። በዩክሬንም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ሩሲያ የድሮ የሶቪየት ቦምቦችን፣ 500 ኪሎና 1,500 ኪሎ የሆኑትን፣ ተንሸራታች ክንፍና መሪ እየገጠመች ከሩቅ መጣሏ በኮንክሪት ሕንፃ የመሸጉ ወታደሮችን ከምሽጋቸው አስወጥቷል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩን እንይ፦ ድልድይ፣ ኮንክሪት፣ ተራራ ሥር የተቆፈረ ፋብሪካ። ትልቅ ቦምብ የጠንካራ ነገር መሣሪያ ነው። የዩክሬኑም ቢሆን ቦምቡ በመጋዘን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተኝቶ ነበር፤ ዋጋ ያገኘው ክንፍ ሲበቅልለት ነው። ጠንካራ ነገር በሌለበት ቦታ ክብደቱ ሥራ ያጣል፤ ሥራ ያጣ ክብደት ግን ሰው ከመግደል አይመለስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዛሬ ቦምብ ያነጣጥራል፤ ሐውዜንና ደሴ ያለፈ ዘመን ታሪክ ናቸው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከላይ ያየነው የእንስራ ሕግ ያጠናክረዋል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ፈንጂ ካስፈለገ፣ ስህተቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ፈንጂውን ስምንት እጥፍ ያበዛ ያህል አተረፈ ማለት ነው። በቬትናም የታን ሆዋ ድልድይ ከ800 በላይ በረራዎች ተደርገውበት ጸንቶ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሌዘር የሚመሩ ቦምቦች ሲመጡ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ኢላማ መምታት ከመክበድ እንደሚበልጥ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ መሪ የተገጠመለት ቦምብ የሚያውቀው የት እንደሚወድቅ ነው፤ እዚያ ማን እንዳለ የሚያውቀው ላኪው ነው። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም፣ አሁንም በዚያው ቀን፣ ትግራይ ውስጥ በቶጎጋ ገበያ ላይ የአየር ጥቃት ተፈጸመ። የመከላከያ ቃል አቀባይ የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አሉ፤ የሕክምና ባለሙያዎችና የዓይን እማኞች በበኩላቸው በአሥሮች የሚቆጠሩ ገበያተኞች መሞታቸውን ተናገሩ። በገበያ መካከል የቆመ ታጣቂ ቢኖር እንኳ በዙሪያው ያለውን ሰው ፍንጣሪው አይለይም። ማርክ-82ን የሚያክል ቦምብ ከታለመለት ነጥብ ሜትር ሳያልፍ ቢወድቅ ብረቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሜትሮች ርቆ ይበተናል፤ ነጥቡ ትክክል መሆኑ በዚያ ክበብ ውስጥ ላለው ምንም አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ልብ የመስበር ጉዳይ ነው፦ ትልቅ ቦምብ የሚገድለው ጥቂት ቢሆንም ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ጦርነት ያሳጥራል ይባላል። ጂቢዩ-43 በውጊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው ሚያዝያ 5 ቀን 2009 ዓ.ም በአፍጋኒስታን ናንጋርሃር፣ አቺን ወረዳ፣ በዋሻ ውስጥ በነበሩ የአይኤስ ታጣቂዎች ላይ ነው። የአፍጋኒስታን ባለሥልጣናት ከ90 በላይ ታጣቂዎች መገደላቸውን ተናገሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አሜሪካ ከአገሩ ወጣች፤ ካቡልም በታሊባን እጅ ገባች። «የኛስ ሽንፈት በ1928 የመጣው ከሰማይ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ አውሮፕላን ብዙ አድርጓል፤ ከማይጨው ውጊያ በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር የተበታተነውን ሠራዊት ያሳደደው እሱ ነው። የጎዳው ግን የቦምቡ ክብደት ሳይሆን በገላጣ ሜዳ የሚያፈገፍግ ሰው መጠለያ፣ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያና መከላከያ ጭንብል ማጣቱ ነው። አርበኛው ወደ ጫካና ገደል ሲገባ፣ መበተንንና በሌሊት መሄድን ሲለምድ፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው ቦምብ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሊያንበረክከው አልቻለም።

የመጨረሻው ማስረጃ በፍርድ የተረጋገጠ ስለሆነ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ በተለያየ ሰዓት በረሩ፤ ዒላማቸው አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ክላስተር ቦምባቸውን ከዒላማው ርቆ በሚገኘው በአይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ጣሉ። ክላስተር ቦምብ በአየር ላይ ተከፍቶ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትን ዕቃ ነው፤ አንዷ ትንሽ ቦምብ በአንድ እጅ ትያዛለች። ከላይ የሠራነውን ስሌት እስከ መጨረሻው የወሰደ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቂቱን ፈንጂ በሰፊ መሬት ያዳርሳል። የመጀመሪያው ድብደባ የጎዳቸውን ለመርዳት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ተመቱ። 53 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ 185 ቆሰሉ። ኤርትራ ሆን ብላ እንዳላደረገች፣ ስህተት እንደነበር ተከራከረች።

ጉዳዩን ሄግ ላይ የተቀመጠው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን መረመረ። ኮሚሽኑ ትምህርት ቤቱ ሆን ተብሎ ተመታ ብሎ አልወሰነም። አብራሪዎቹና የአውሮፕላኑን ኮምፒውተር ያዘጋጁት ሰዎች ለእንዲህ ያለ ግዳጅ ልምድ እንዳልነበራቸው፣ የመጀመሪያው ስህተት ከተፈጸመ በኋላም ሌላው አውሮፕላን እዚያው ቦታ ላይ መድገሙን አየ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2004 በሰጠው ውሳኔም ኤርትራን ተጠያቂ አደረጋት። ያስጠየቃት የቦምቡ መጠን ሳይሆን ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ ማድረግ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ አለማድረጓ ነበር።